አዛን መቼ፣ ኢቃማ መቼ? የሞባይል ኔትወርክ ሪፈረንስ ሲግናልና የጊዜው ነገር



ሰፍ ላይ ከመቆማችን በፊት ሁላችንም የምናደርጋት አንዲት ነገር አለች። ስልካችንን ድምፁን አጥፍተን ኪሳችን ወይም ቦርሳችን ውስጥ እንከታለን። ስልኩ ዝም ያለ ይመስለናል። ጥሪ ባይመጣም፣ መልእክት ባይገባም ግን ስልኩ በየሰከንዱ ገደማ ለአፍታ እየነቃ ያዳምጣል። በተለምዶ ታወር ከምንለው የኔትወርክ ማማ የሚመጣ፣ ስልኩ አስቀድሞ የሚያውቀው ምልክት አለ። እሱን ሰምቶ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ የሚፈልገው ሰው እንዳለ ያጣራል፣ ተመልሶ ይተኛል። ማማው በበኩሉ ማንም ሰማው ማንም አልሰማው ያንን ምልክት መላኩን አያቋርጥም።

በዚህ እትም ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚህ ምልክት ነው። በተለይም ምልክቱ መቼ መቼ መላክ አለበት ስለሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የስልካችን ባትሪ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በገጠር በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ማማ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈጅ፣ በአውቶቡስ ስንጓዝ ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚቆራረጥ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሒሳቡን ዝርዝር ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኛ የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪም ያለ ቀመር እንዲከተለው አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል።

የታወቀውን ልኮ ያልታወቀውን ማወቅ

ሐቀኛ ነጋዴ ሚዛኑን ከመጠቀሙ በፊት ይፈትሻል። አንድ ኪሎ መሆኑ የተረጋገጠ ብረት ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ 950 ግራም ካነበበ ስሕተቱ ከብረቱ ሳይሆን ከሚዛኑ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዝነውን ቡና ሁሉ በዚያ ልክ ያርማል።

በማማውና በስልኩ መካከል ያለው አየርም እንደ ሚዛኑ ነው። ሞገዱ ከማማው ተነሥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ድረስ ከሕንፃ ይጋጫል፣ ከመኪና ጣሪያ ይነጥራል፣ በግድግዳ ሲያልፍ ይዳከማል። አንዱ ሞገድ በብዙ መንገድ ተከፋፍሎ ስለሚደርስ የተላከውና የተሰማው አንድ አይሆኑም። ኢንጂነሮች ይህንን በመካከል ያለውን መንገድ «ቻናል» ይሉታል። ስልኩ የተላከለትን ጽሑፍ ወይም ድምፅ በትክክል ለማንበብ ቻናሉ ምን ያህል እንዳዛባው ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ማማው በመረጃው መካከል ስልኩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ምልክት ጣል ያደርጋል። ስልኩ «ይህ መድረስ የነበረበት እንዲህ ሆኖ ነው፤ የደረሰው ግን እንዲያ ሆኖ ነው» ብሎ ልዩነቱን ያሰላል፤ በዚያ ልዩነት ሌላውን መረጃ ያርማል። ይህ የታወቀ ምልክት ሪፈረንስ ሲግናል ይባላል፤ በአማርኛ ማመሳከሪያ ምልክት ልንለው እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጋዴው ብረቱን በሚመዝንበት ሰዓት ቡና አይሸጥም። ማመሳከሪያ ምልክቱም ራሱ ለእኛ የሚያደርሰው መልእክት የለም። ሲበዛ ለመረጃ የሚሆነውን ጊዜና ጉልበት ይበላል፤ ሲያንስ ደግሞ ስልኩ በተሳሳተ ሚዛን ይመዝናል። የጊዜው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል

ታዲያ ሚዛኑ በየስንት ጊዜው ይፈተሽ? መልሱ ስልኩ የያዘው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ይወሰናል።

በ2 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ኔትወርክ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በብዙ መንገድ የሚመጡት ሞገዶች አንድ ቦታ ላይ ተደጋግፈው ሊጠነክሩ፣ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቦታ ደግሞ ተጣፍተው ሊደክሙ ይችላሉ። ስልኩ የሞገዱን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 7.5 ሴንቲ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ቀደም ብሎ የተለካው ቻናል አርጅቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንደኛዋ እህታችን ላይብረሪ ቁጭ ብላ ታነባለች፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። በዙሪያዋ ሰዎች ካልተንቀሳቀሱ በቀር ቻናሏ ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው ወንድማችን ከዶርም ወደ መስጂድ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ 7.5 ሴንቲ ሜትሩን ለመጨረስ 75 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሦስተኛው ለዒድ ወደ ቤተሰቡ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚበር አውቶቡስ እየሄደ ነው፤ ያንኑ ርቀት በ2.7 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።

ሦስቱም በአንድ ማማ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ለአውቶቡሱ ተሳፋሪ የሚበቃ ድግግሞሽ ለላይብረሪዋ አንባቢ ትልቅ ብክነት ነው። ለአንባቢዋ የሚበቃው ደግሞ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቁጥር የለም።

የማያርፈው ማማ

እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያው ዝርዝር የተጠናቀቀው የ4ጂ ቴክኖሎጂ፣ ኤልቲኢ የሚባለው፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ «ሁልጊዜ፣ ለሁሉም፣ በተመሳሳይ ሰዓት» የሚል ነበር። በኤልቲኢ ጊዜ በአንድ አንድ ሚሊሰከንድ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ በተለመደው አሠራር 14 ሲምቦል የሚባሉ ክፍልፋዮች አሉት። ሲአርኤስ የሚባለው የማማው ማመሳከሪያ ምልክት ማማው አንድ ወይም ሁለት የአንቴና መስመር ሲጠቀም ከ14ቱ ሲምቦሎች በአራቱ ላይ ይገኛል። ይህ በየሚሊሰከንዱ፣ በሙሉው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ላይ ይደገማል።

በቁጥር እንየው። የኤልቲኢ ኔትወርክ ጊዜና ፍሪኩዌንሲን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ይከፋፍላል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ አንዱ ሰሌዳ 168 ካሬዎች አሉት። በአንድ የአንቴና መስመር 8ቱ፣ በሁለት 16ቱ፣ በአራት 24ቱ ካሬዎች ለሲአርኤስ የተያዙ ናቸው። በአራት አንቴና ሲሆን ከሰባት ካሬ አንዱ ለማመሳከሪያ ሄደ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ጥቅም አለው፤ የነደፉትም ሰዎች ያለ ምክንያት አልመረጡትም። ከሌላ ከተማ የመጣ ስልክ በየትኛውም ቅጽበት ጆሮውን ቢሰጥ ምልክቱን ያገኘዋል። ማንም ለማንም ቀጠሮ መስጠት አያስፈልገውም። ቀላልና አስተማማኝ ነው።

ችግሩ የሚታየው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግቢው ሁሉ ተኝቷል እንበል፤ አንድም ሰው ዳታ አይጠቀምም። ማማው ግን ያንኑ ምልክት በየሚሊሰከንዱ አራት ጊዜ ይጣራል። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል የሚያገኘው ትልቁ ክፍተት ሦስት ሲምቦል ነው፤ ይህም 0.21 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የማማውን ብዙ ኤሌክትሪክ የሚፈጀው የኃይል ማጉያው፣ አምፕሊፋየሩ ነው፤ በዚህች አጭር ክፍተት ጠልቆ ሊያርፍ አይችልም። በዚያ ላይ የአንዱ ባዶ ማማ ጥሪ በአጎራባች ማማ ሥር ያለውን ተጠቃሚ ይረብሻል።

አዛንና ኢቃማ

ቀጥሎ ያለውን ለማስረዳት ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌነቱ ለማቅረብ ብቻ ነው፤ ዒባዳውን ከማሽን ጋር ለማመሳሰል አይደለም።

ወደ ሰላት የምንጠራው በሁለት ጥሪ ነው። አዛን ለሁሉም ነው፤ በሰፈሩ ላለውም፣ ለመንገደኛውም፣ መስጂዱን ለማያውቀው እንግዳም። ስለዚህ በታወቀ ጊዜ ይባላል፤ ድምፁም ሩቅ እንዲደርስ ይደረጋል። ኢቃማ ግን ለመጣው ሰው ነው። ጀመዓው ተሰብስቦ ኢማሙ ሲዘጋጅ ይባላል፤ ወዲያው ሰፍ ተስተካክሎ ሰላቱ ይጀመራል። ሰው ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ኢቃማ የሚል የለም።

ኤልቲኢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነበር። ሲአርኤስ እንግዳውንም ይጠራል፣ የመጣውንም ሰው ቻናል ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያው ሙሉ ዝርዝር የወጣው 5ጂ ግን ሁለቱን ለያያቸው።

የ5ጂ «አዛን» ኤስኤስቢ ይባላል። አራት ሲምቦል ብቻ የሚፈጅ አጭር ጥሪ ነው፤ ስልኩ ማማውን የሚያገኘውና ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሱ ነው። ኦፕሬተሩ ይህ ጥሪ በየ5፣ በየ10፣ በየ20፣ በየ40፣ በየ80 ወይም በየ160 ሚሊሰከንዱ እንዲደገም መምረጥ ይችላል። ምርጫውን የማያውቅ እንግዳ ስልክ በየ20 ሚሊሰከንዱ እንደሚመጣ ቆጥሮ ይፈልጋል። ማማው በተለያየ አቅጣጫ የሚያነጣጥሩ ብዙ ጨረሮች ካሉት ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ኤስኤስቢ ይልካል፤ ግን ሁሉንም በአንድ 5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ጨርሶ ዝም ይላል። በ20ው ምርጫ እንኳ ቢያንስ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ጸጥታ ያገኛል። ከ0.21 ጋር ስናወዳድረው 70 እጥፍ ያህል ነው።

«ኢቃማው» ደግሞ ዲኤምአርኤስ ይባላል። ለአንድ ስልክ መረጃ ሲላክ ብቻ፣ ከመረጃው ጋር አብሮ፣ ለዚያ ስልክ ተብሎ የሚላክ ማመሳከሪያ ነው። መረጃ ከሌለ እሱም የለም። አውቶቡስ ውስጥ ላለው ተሳፋሪ በአንድ የመረጃ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ማስገባት ይቻላል፤ ለላይብረሪዋ እህታችን አንዴ ይበቃል።

ሦስት ዓይነት ቀጠሮ

ከእነዚህ ሁለት ሌላ ማማው መረጃ ከመላኩ በፊት «ቻናልሽ እንዴት ነው? የትኛው ጨረር ይሻልሻል?» ብሎ ለመጠየቅ የሚጠቀምበት ሲኤስአይአርኤስ የሚባል ማመሳከሪያ አለ። ጊዜው በሦስት መንገድ ሊቀጠር ይችላል።

የመጀመሪያው ቋሚ ነው። «በየይህን ያህል ስሎት ይመጣል» ተብሎ አንዴ ይነገራል፤ ከ4 ስሎት እስከ 640 ስሎት ባለው ርቀት ይደጋገማል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ እንደሚሰጥ ደርስ ነው።

ሁለተኛው ሲበራ የሚሠራ፣ ሲጠፋ የሚቆም ነው። ድግግሞሹ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ግን «ጀምር» እስኪባል አይጀምርም፣ «አቁም» ሲባል ይቆማል። የረመዷን ፕሮግራም እንደዚህ ነው፤ መርሐ ግብሩ ተለጥፏል፣ ወሩ ሲገባ ይጀመራል፣ ሲወጣ ያበቃል።

ሦስተኛው በጥሪ ብቻ የሚመጣ ነው። ማማው ባስፈለገው ቅጽበት አጭር ትእዛዝ ይልካል፤ ማመሳከሪያው አንድ ጊዜ ይመጣና ያበቃል። አስቸኳይ ስብሰባ እንደ መጥራት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር አለ፤ ሦስተኛው ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥሪ ራሱ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ትእዛዙም ቦታና ጉልበት ይበላል። ቻናሉ በየጊዜው ለሚለዋወጥበት ተጠቃሚ ሺህ ጊዜ ከመጥራት አንድ ቋሚ ቀጠሮ መስጠት ይረክሳል። ጥበቡ ለየሰዉ የሚስማማውን መምረጥ ላይ ነው።

ቀጠሮው የማይሆን ቀን ላይ ሲውል

እስካሁን ያወራነው ከማማው ወደ ስልኩ ስለሚመጣው ነው። ስልኩም ወደ ማማው የሚልከው ማመሳከሪያ አለው፤ ኤስአርኤስ ይባላል። በብዙ የ5ጂ ኔትወርኮች ላይና ታች የሚሄደው መረጃ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በጊዜ ተራ ይቀያየራል፤ ጥቂት ስሎቶች ለማውረድ፣ ጥቂት ስሎቶች ለመጫን። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ስለሆነ ማማው ከስልኩ የመጣውን ኤስአርኤስ ለክቶ ወደ ስልኩ የሚሄደውን ቻናል ማወቅ ይችላል። ጨረሩን ወደ እኛ በትክክል የሚያነጣጥረው በዚህ ልኬት ነው። ስለዚህ ኤስአርኤስ ቀረ ማለት ጨረሩ በአሮጌ ልኬት ይነጣጠራል ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ የ5ጂ እትሞች በጥሪ የሚላከው ኤስአርኤስ ቋሚ ርቀት ነበረው። ስልኩ «ትእዛዙ ከደረሰህ በኋላ በሦስተኛው ስሎት ላክ» ተብሎ አስቀድሞ ይነገረዋል እንበል። ሦስተኛው ስሎት የመጫኛ ከሆነ መልካም ነው። የማውረጃ ስሎት ከሆነ ግን ስልኩ መላክ አይችልም፤ ኤስአርኤሱ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ማማው ትእዛዙን መላክ የሚችለው ሦስተኛው ስሎት ልክ መጫኛ ላይ በሚውልባቸው ጥቂት ስሎቶች ብቻ ነው። ብዙ ተጠቃሚ ሲኖር ትእዛዞቹ ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ስሎቶች ላይ ይጨናነቃሉ።

እኛ ተማሪዎች ይህንን ችግር እናውቀዋለን። «ከሦስት ቀን በኋላ ደርስ እንገናኝ» ተባብለን ሦስተኛው ቀን የፈተና ቀን ሆኖ የቀረንበት ጊዜ አለ። «ደርስ በሚኖርበት በሚቀጥለው ቀን እንገናኝ» ብንባባል ኖሮ ቀጠሮው በራሱ ይስተካከል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተጠናቀቀው 17ኛው የዝርዝር እትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስልኩ ማንኛውንም ስሎት መቁጠሩን ትቶ ኤስአርኤሱን ሊልክባቸው የሚችሉትን ስሎቶች ብቻ እንዲቆጥር ተፈቀደ። የማይሆኑት አይቆጠሩም። ማማውም በትእዛዙ ውስጥ «በመጀመሪያው ምቹ ስሎት» ወይም «በሁለተኛው ምቹ ስሎት» እያለ ተጠቃሚዎችን መደልደል ይችላል። ለውጡ የቆጠራ ደንብ ብቻ ነው፤ አዲስ አንቴና አልተሠራም። ሆኖም ትእዛዙ በፈለገው ስሎት ሊላክ ቻለ፤ መጨናነቁም ቀለለ።

ወቅቱ ገብቶ እስኪወጣ

ሌላው የጊዜ ልልነት ዓይነት መስኮት ነው። የዙህር ወቅት አንዲት ደቂቃ አይደለችም፤ ትገባለች፣ የተወሰነ ርዝመት አላት፣ ትወጣለች። በዚያ መካከል ጀመዓው የሚመቸውን ሰዓት ይመርጣል። ሰው ከመስኮቱ ወጥቶ እንደፈለገ ማድረግ አይችልም፤ በውስጡ ግን ስፋት አለው። ይህን ወቅት በትክክል ማወቅ በታሪካችን ትልቅ ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ ኡመያ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሰላት ጊዜ ተቆጣጣሪ የነበሩት የሥነ ፈለክ ሊቅ ኢብኑ ሻጢር ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ሠርተው ነበር። ጊዜን መለካት ለዒባዳ ብሎ የተያዘ ዒልም ነበር።

በሞባይል ኔትወርክ መስኮት የሚያስፈልገው በተለይ ፈቃድ በማይጠየቅባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ነው፤ ዋይፋይ የሚጠቀምባቸው ዓይነት ማለታችን ነው። እዚያ አየሩ የጋራ ነው። በብዙ አገሮች ደንብ ማንም ከመናገሩ በፊት ሌላው እየተናገረ እንዳልሆነ ማዳመጥ አለበት። ማማው «በየ40 ሚሊሰከንዱ ልክ በዚህች ቅጽበት እጣራለሁ» ቢል ያቺ ቅጽበት ስትደርስ አየሩ ተይዞ ሊያገኘው ይችላል። ጥሪው ቀረ ማለት ስልኮች ማማውን ያጡታል ማለት ነው።

ስለዚህ በ13ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኤልቲኢ ወደነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ሲገባ ቅጽበቱ ወደ መስኮት ተለወጠ። በየ40፣ በየ80 ወይም በየ160 ሚሊሰከንዱ እስከ 6 ሚሊሰከንድ የሚደርስ መስኮት ይከፈታል፤ ማማው አየሩ ነጻ በሆነበት ጊዜ በውስጡ አንድ ጊዜ ይጣራል። 5ጂ በ16ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ተመሳሳይ ነገር አደረገ፤ እስከ 5 ሚሊሰከንድ በሚደርስ መስኮት ውስጥ ለኤስኤስቢው 10 ወይም 20 ተለዋጭ ቦታዎች ተዘጋጁ። የመጀመሪያው ቢያልፍ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቢያልፍ ሦስተኛው አለ።

እዚህ ግን አንድ አደጋ አለ። ስልኩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያው ጥሪ ነው። ጥሪው 2 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ስልኩ መዘግየቱን ካላወቀ ሰዓቱ በ2 ሚሊሰከንድ ይዛባል፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሻል። መፍትሔው እያንዳንዱ ጥሪ በየትኛው ቦታ ላይ እንደተላከ ቁጥሩን በውስጡ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ስልኩ ቁጥሩን አንብቦ «ይህ አራተኛው ቦታ ነው፤ እንግዲያው መስኮቱ የተከፈተው ይህን ያህል ቀደም ብሎ ነው» ብሎ ያሰላል። ጊዜው ሊላላ የቻለው ጥሪው ስለ ራሱ እውነቱን ስለሚናገር ነው።

ልልነት ዋጋ አለው

እስካሁን ካልነው ተነሥቶ «ማመሳከሪያውን በተቻለ መጠን አራርቁት» የሚል ይኖራል። በሦስት ምክንያት እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ እንግዳው አለ። አሁን የተከፈተ ስልክ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይመጣል ብሎ ሲያዳምጥ ማማው በየ160ው የሚጣራ ከሆነ ሳይሰማው ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ረጃጅሞቹ ድግግሞሾች የሚመቹት ስልኩ በሌላ ማማ ወይም በሌላ ፍሪኩዌንሲ በኩል አስቀድሞ ለተነገረባቸው ቦታዎች ነው።

ሁለተኛ፣ ተጓዡ አለ። ከማማ ወደ ማማ የሚሻገር ስልክ ጎረቤቶቹን መለካት አለበት። ለዚህም በ5ጂ ስልኩ ጎረቤቶቹን የሚያዳምጥበት ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ የሚረዝም መስኮት ይነገረዋል። ማማዎቹ ጥሪያቸውን ከመስኮቱ ውጭ ካደረጉት ስልኩ ጎረቤት እንደሌለ ይቆጥራል፤ ጥሪውም መንገድ ላይ ይቋረጣል።

ሦስተኛ፣ አለመግባባት አለ። ማማው ማመሳከሪያውን ሰርዞ ስልኩ መሰረዙን ካልሰማ ስልኩ ባዶውን ጫጫታ ለክቶ «ቻናሌ ተበላሽቷል» ብሎ ይዘግባል። ማማውም በዚያ የሐሰት ዘገባ ይወስናል። ቀጠሮን መለወጥ ነውር የለውም፤ ሳያሳውቁ መለወጥ ግን ሁለቱንም ወገን ይጎዳል።

ኢስራፍና የቆየ ውሳኔ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ሁለት ነገር እንበል።

የመጀመሪያው ኢስራፍ ነው። ዲናችን ብክነትን የሚጠላው የተትረፈረፈ ነገር ሲኖርም ጭምር ነው። ማንም በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ የሚጣራ ማማ በቴክኒክ ቋንቋ የተጻፈ ብክነት ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቦታ በጄኔሬተር ለሚሠራ ማማ ደግሞ ብክነቱ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን በጭነት መኪና ማድረስም ሌላ ወጪ ነው። ያ ወጪ ኩባንያው ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ማማ መትከል ያዋጣኛል ወይስ አያዋጣኝም ብሎ ሲያሰላ ይቆጠራል። ስለዚህ የማመሳከሪያው ጊዜ ነገር እናቶቻችን ባሉበት ገጠር ኔትወርክ ይደርሳል ወይስ አይደርስም ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። የኔትወርክ ዝርዝር ጸሐፊዎቹም ይህንን እያሰቡበት ነው፤ በ18ኛው እትም ማማው ራሱ በታወቀ ዑደት የሚተኛበት ደንብ ገብቷል፤ በ19ኛው ደግሞ ለተጨማሪ ፍሪኩዌንሲዎች ኤስኤስቢው ሲፈለግ ብቻ የሚጠራበት አሠራር ተሠርቷል።

ሁለተኛው ውሳኔ የሚቆይ መሆኑ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ግን የምንጠቀመው በአብዛኛው የቀደሙትን ትውልዶች ነው። የ4ጂ ማማ ሲአርኤሱን «ከዛሬ ጀምሮ በየ20 ሚሊሰከንዱ ልላክ» ማለት አይችልም። በእጃችን ያሉት የ4ጂ ስልኮች ሁሉ በየሚሊሰከንዱ እንደሚመጣ አምነው ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በስብሰባ የተወሰነች አንዲት የጊዜ ደንብ ዛሬም ናፍጣ ታቃጥላለች።

እነዚህን ደንቦች የሚያወጣው 3ጂፒፒ የሚባለው ኅብረት ነው። ሰባት አባል የደረጃ አውጪ ተቋማት አሉት፤ ሁለቱ የጃፓን፣ የቀሩት የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የሕንድና የኮሪያ ናቸው። ከአፍሪካም ከዐረቡ ዓለምም አንድ የለም። ይህንን የምንለው ለማማረር አይደለም። በሌለንበት ሸንጎ «የተለመደው ድግግሞሽ ስንት ይሁን?» ሲባል በጄኔሬተር የሚሠራ ማማ ያለው አገር ልጅ የሚያነሣው ጥያቄ ሳይነሣ ሊቀር እንደሚችል ለማሳሰብ ነው።

ደስ የሚለው፣ የ3ጂፒፒ ዝርዝሮች ሁሉ በነጻ የሚነበቡ ናቸው። ስለ ማመሳከሪያ ምልክቶች አሠራር 38.211 የሚለውን፣ ስለ ሲኤስአይአርኤስና ኤስአርኤስ አጠራር ደግሞ 38.214 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። መጀመሪያ ሲያነቧቸው ደረቅ ናቸው፤ አንድ ምዕራፍ ይዞ ከጓደኛ ጋር ቁጭ ማለት ግን ይቻላል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ ለምትፈልጉ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶች አንድ ሐሳብ እንተውላችሁ። የሌሊቱ ተጠቃሚ በጣም ጥቂት በሆነበት የገጠር ማማ ላይ የኤስኤስቢው ድግግሞሽ ከ20 ወደ 40 ወይም ወደ 80 ቢረዝም ምን ያህል ጉልበት ይተርፋል? እንግዳው ስልክስ ማማውን ለማግኘት ምን ያህል ይዘገያል? በሲሙሌሽን ሊሠራ የሚችል፣ መልሱም ለአገራችን የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

ዒልም ፈልገን የምንማረው ሰውን ለመጥቀም ነውና ኒያችንን እናስተካክል። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።